መሄጃ ቀን የማይጠየቅበት ቤት

ሥራ ያቆምኩት በጉልበቴ ትእዛዝ ነው። የጡረታ ደብዳቤ የሰጠኝ አለቃ የለም። መጨረሻ የሠራሁበት ቤት ፈርሶ ቦታው ታጠረ፣ ጉልበቴም ደረጃ አልወጣም አለ፣ ሁለቱ ተስማምተው አሰናበቱኝ። ዘነበች እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ ሰው የሚያድርበትን አልጋ ማንጠፍ። ከአልጋ ማንጠፍ ደግሞ ምን የሚወራ ነገር ይወጣል የሚለኝ ብዙ ነው። እኔም እንዲህ የሚለኝን ሰው አልጋውን ማን እንደሚያነጥፍለት ሳልጠይቅ አላልፍም።

የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ በመንግሥት ሆቴል ነው። የክፍሎች ኃላፊያችን አቶ ታፈሰ የሚባሉ ቀጭን ሰው ነበሩ። አልጋ ሥር በዱላ እየገፉ አቧራ ይፈልጋሉ። የአንሶላው ጥግ በወጉ ካልታጠፈ ሙሉውን ገፈው መሬት ላይ ይጥሉታል። ሲጥሉት አይቆጡም፤ «እንደገና» ብቻ ይላሉ። ከሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር እንግዳ ሳያየኝ መሥራት ነው። «ሲወጣ ግቢ፣ ሳይመለስ ውጪ። ክፍሉ ራሱን በራሱ ያጸዳ ይምሰለው» ይሉን ነበር። የኮምቦልቻ ሙቀት ለአንሶላ ጥሩ ነው፤ ጠዋት ያጠብነውን ከሰዓት እናነጥፈዋለን። የእያንዳንዱ እንግዳ መግቢያና መውጫ ካርድ ላይ ተጽፎ ከቁልፉ ጋር ይንጠለጠላል። ዓለም ሁሉ እንደዚያ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ቆይቶ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ሲዞሩ የኛም ሆቴል ባለቤቱ ተቀየረ። አዲሱ ሰውዬ የራሱን ሰዎች አመጣ፣ እኛ የተቆረጠልንን ይዘን ወጣን። አቶ ታፈሰ የመጨረሻውን ቀን የቁልፍ መስቀያውን በመሀረባቸው እየጠረጉ ነው ያሳለፉት። ማንም ጥረጉ ያላቸው የለም። እኔ ግቢው በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር፤ ሲወጡ ግን ራሳቸውን ነቅንቀውልኝ አለፉ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ደሴ የወጣሁት ያኔ ነው። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ የአክስቴ ልጅ ነበረችኝ። እሷ ናት «እትዬ ሐዋ ሰው ይፈልጋሉ» ብላ እጄን ይዛ የወሰደችኝ። ቤቱ ከገበያው ብዙ ሳይርቅ፣ በድሮው የነጋዴዎች ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ የቆመ፣ የጭቃና የእንጨት ፎቅ፣ ወደ መንገዱ የወጣ የእንጨት ሰገነት ያለው። የባላቸው አያት ከየመን ለንግድ መጥተው የሠሩት ነው ይባላል። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ጅዳና አዲስ አበባ ገብተው፣ ምድር ቤት ያለው ሱቅ ተዘግቶ፣ እትዬ ሐዋ በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። የፎቁን ክፍሎች በበዓልና በክረምት ለሚመጡ ሰዎች ያከራያሉ። ለሠርግ የመጣ፣ ለመውሊድ የመጣ፣ መስከረም ላይ ግሸን ማርያምን ተሳልሞ የሚመለስ፣ ደሴ ተወልዶ ሌላ አገር የሚኖር፣ ሆቴል አላስተኛ ብሎት የድሮ ሰፈር መሀል ማደር ያማረው ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል።

«የት ሠርተሻል?» አሉኝ።

«ኮምቦልቻ፣ ሆቴል ቤት።»

«አብሽሪ፣ ቀስ በቀስ ይለቅሻል» አሉ፤ እንደ ጉንፋን።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እንግዳ ገባ። ሻንጣውን ተቀብዬ ደረጃውን እየመራሁት «ስንት ቀን ይቆያሉ?» አልኩት። ከኋላዬ እትዬ ሐዋ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ማድ ቤት ስንገባ ነበልባል ሆኑብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ታባርሪዋለሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ ስንት አንሶላ እንደማዘጋጅ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ለአንሶላ ብለሽ ሰው መቼ ትሄዳለህ ትያለሽ? ወላሂ እዚህ ቤት ይህ ተጠይቆ አያውቅም። አማቴም አልጠየቁ፣ እኔም አልጠይቅ።»

የወሎ ሰው ነኝና ወጉን አውቀዋለሁ፤ እናቴም ቤት የመጣ ሰው መሄጃው አይጠየቅም። ግን የእናቴ ቤት አይከራይም። ክፍል እያከራዩ መሄጃ ቀን አለመጠየቅ እንዴት አብሮ ይሄዳል ብትሉኝ፣ አይሄድም። እትዬ ሐዋ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው ብዙ ዘመን ኖረዋል። የኪራዩንም ነገር ፊት ለፊት አያነሱም፤ እንግዳው ሲሄድ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጣል፣ እሳቸው ከሄደ በኋላ ያነሱታል።

ስለዚህ እኔ ምልክት ማንበብ ተማርኩ። ሊሄድ የተቃረበ እንግዳ የቅቤና የማር ዋጋ ይጠይቃል። ጫማውን ራሱ ይወለውላል። ምግብ ይቀንሳል። «ደሴ ብርዱ!» ማለት ከጀመረ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። ሴት ከሆነች ሻርፖቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ታወራለች። ቤቱን አብዝቶ ያመሰገነ ደግሞ ነገ ጠዋት የለም። በዚህ አልሳሳትም ነበር፤ ወደ በኋላ እትዬ ሐዋ ራሳቸው «የጥጉ ክፍል ሰውዬ መቼ ነው?» እያሉ በሹክሹክታ ይጠይቁኝ ጀመር። እኔን መጠየቅ ነውር አልነበረም።

የደሴን አንሶላ ማድረቅ ሌላ ትምህርት ነው። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ ሰገነቱ ላይ ይተኛል። ፀሐይ ብቅ ያለች እንደሆነ ያለውን ሁሉ ትቶ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዞ መሮጥ ነው። ያልደረቀውን በከሰል ካውያ እናደርቀዋለን። ከካውያው በፊት አንሶላውን ለሁለት ይዘን፣ እሳቸው በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ ሆነን ወደ ኋላ እየተለጠጥን እንስባለን። እትዬ ሐዋ ትንሽ ሴት ናቸው፤ ሲስቡ ግን እኔን ያንገዳግዱኛል። ያወራነው ሁሉ፣ የተጣላነው፣ የተማማርነው በአንሶላ ሁለት ጫፍ ላይ ነው። «እንግዳ ካላየሽማ ምን ቤት ነው? ይይሽ እንጂ። ደክሞሽ ይይሽ፣ ስቀሽ ይይሽ» ይሉኝ ነበር። የአቶ ታፈሰ ትምህርት በዚያ ተሰናበተኝ። ማድ ቤታቸው ሥጋ አይገባም ነበር፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም እንግዳ አብሮ እንዲበላ ሽሮና ምስር ይበቃል ይላሉ። ሥጋ ያማረው ገበያ ወጥቶ የራሱን ይብላ።

ያን ቤት እንዴት እንደምወደው ባወራ አላበቃም። አሁንም ጠዋት ስነቃ እግሬ ያንን የሚጮህ የእንጨት ወለል ይፈልጋል።

ጋሽ ደምሴ የመጡት በአንድ መስከረም ከግሸን ተመላሾች ጋር ነው። ከሸዋ ናቸው፤ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ወፍጮው ጆሯቸውን ጎድቶት ሲያወሩ ይጮሃሉ፤ ሰላምታቸው ከላይ ሰፈር ይሰማል። አብረዋቸው የመጡት ሁሉ ሄዱ፣ እሳቸው ቀሩ። የመንገዱ ፊት ያለውን ክፍል ነው የያዙት።

እኚህ ሰው ጥበቤን መና አስቀሩት። በየቀኑ ጠዋት ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ። ፒጃማቸውን አጥፈው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ሻንጣውን አጠገባቸው አድርገው ሰገነቱ ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ያያሉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሄዱ ብዬ አንሶላቸውን እገፍፍ ነበር። ምሳ ይደርሳል፣ ይበላሉ። ሲመሽ ሻንጣውን ይዘው ይገቡና ፒጃማውን ያወጣሉ። በማግስቱ ደግሞ እንደገና። የዚህን ዓይነት እንግዳ አይቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ ይጠየቁ» አልኩ አንድ ቀን አንሶላ እየሳብን።

«ማን ይጠየቅ?»

«ጋሽ ደምሴ ናቸዋ። አንድ ነገር አለባቸው። ሰው በደህናው በየቀኑ ሻንጣ አይሸክፍም።»

«የሸከፈው ሻንጣ የራሱ ነው። ቤቱ ደስ ብሎት ይሆናል፤ ዝም በይ።»

አንድ ጊዜ ብቻ እሳቸው ራሳቸው ጠየቁኝ። ኮምቦልቻ መሥራቴን ሰምተው ኖሮ «ሩቅ ነው?» አሉ።

«ምን ይርቃል ጋሼ፣ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው። ሚኒባስ ሞልቷል። ወሬ ሳይጨርሱ ይደርሳሉ።»

«ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ የሚያስወጣው መቼ ነው?»

ማታ ማታ እንደሚያስወጣ ነገርኳቸው። «ቅርብ ነው ለካ» አሉ። ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው ዝቅ ሲል የሰማሁት። እኔም በሆዴ በቃ ነገ ይሄዳሉ አልኩ። አልሄዱም።

ጥር ገባ። የእትዬ ሐዋ የጅዳው ልጅ ደውሎ የወዳጆቹ ቤተሰብ ለሠርግ እንደሚመጣ፣ የሙሽራዋ አክስቶች እዚህ እንደሚያርፉ ነገራቸው። እትዬ ሐዋ እሺ ብለዋል፤ ክፍል ግን የለም። ሁሉም ተይዟል፣ ትልቁንም ጋሽ ደምሴ ይዘውታል። እኔ ደግሜ ደጋግሜ ለመንኳቸው። «እትዬ፣ እኔ ልጠይቅ፤ ነውሩ በኔ ይሁን» አልኩ። «ከኔ ቤት የወጣ ነውር የኔ ነው» አሉና የራሳቸውን ክፍል ለአክስቶቹ ለቀቁ። ፍራሻቸውን አሸከሙኝና በዚያ ብርድ ወደ ተዘጋው ሱቅ ወረድን።

ደረጃው ላይ ጋሽ ደምሴ ገጠሙን። ፍራሹን አዩ፣ እትዬ ሐዋን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወዴት ነው?»

«ፀሐይ ላሰጣው ነው» አሉ እትዬ ሐዋ።

ደጁ ላይ ጭጋጉ ቆሟል፤ የጎረቤት በር እንኳ አይታይም። ጋሽ ደምሴ ጭጋጉን አዩት። ወደ ግድግዳው ተጠግተው አሳለፉን።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። እኔ እንደ ልማዴ አላመንኩም። ምድር ቤት ወርደው እትዬ ሐዋን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። «እግዜር ያክብርልኝ፤ ቤትዎ ቤት ነው» አሉ። አክስቶቹ ከነኮተታቸው በሩ ላይ ደርሰው ስለነበር ግርግር ሆነ። ዞር ስል ጋሽ ደምሴ የሉም። ክፍላቸው ስገባ አንሶላው ተገፎ፣ ታጥፎ፣ ትራሱ ላይ ተቀምጧል።

ሠርጉ አለፈ፣ አክስቶቹም ተሸኙ። የካቲት ላይ አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። የፋብሪካ ሽርጥ ከሹራቧ ሥር ይታያል፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ባሏ ከኋላዋ ቆሟል። አስቴር እባላለሁ አለች። ሠርጉ ላይ የነበረች የሥራ ባልደረባዋ እዚህ ቤት አንድ ረጅም፣ ጮክ ብሎ የሚናገር፣ የወፍጮ ወሬ የሚያወራ ሽማግሌ ሰነበተ ተብሎ ሲወራ ሰምታ ነግራታለች።

«አባቴ ነው» አለች። «የት ሄደ?»

እትዬ ሐዋ እኔን አዩኝ። እኔ እሳቸውን አየሁ።

«አልጠየቅናቸውም» አልኩ።

«መቼ እመለሳለሁ አለ?»

«እሱንም።»

«ስንት ጊዜ ተቀመጠ?»

ከመስከረም እስከ ጥር አልናት። ልጅቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ነው ሁሉን የነገረችን። ይህን ሰይድን አገባለሁ ስትል አባቷ የእስላም ሚስት ሆነሽ ደጄን እንዳትረግጪ ብለዋት ነበር። እሷም አልረገጠችም። እኛ ዘንድ ክርስቲያንና እስላም መጋባት አዲስ አይደለም፤ ለሳቸው ግን አዲስ ነበር፣ ለዓመታትም አልዋጥ ብሏቸው ቆየ። ያ ሁሉ የጠዋት ሻንጣ ያኔ ገባኝ። ኮምቦልቻ ሊወርዱላት ነበር። በየቀኑ ሊወርዱ ይነሳሉ፣ በየቀኑ ወኔያቸው ሰገነቱ ላይ ያልቅባቸዋል። ከልጃቸው ቤት በላይ፣ መንገዱ እየታያቸው አራት ወር ያህል ከእኛ ጋር ተቀመጡ፤ ከመካከላችን አንድ ሰው ወዴት ነዎት ቢላቸው ኖሮ አብረናቸው እንወርድ ነበር።

አስቴርና ሰይድ በዚያው ሳምንት ሸዋ ሄዱ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጋሽ ደምሴ ከመምጣታቸው በፊት ወፍጮውንም ቤቱንም ሽጠው፣ ጎረቤት ሰብስበው ጋብዘው፣ «ልጄ ጋ ልኖር ነው» ብለው ነው የወጡት። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። የተጋበዙት ጎረቤቶች አስቴርን ሲያዩ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ብለው ጠይቀዋታል። 

እትዬ ሐዋ ሱቁ ውስጥ ያ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ክፍላቸው ተመልሰው መተኛት ይችሉ ነበር፣ አልፈለጉም። «ያከበርኩት መስሎኝ» አሉኝ። «ዘነበች፣ አፉ በይኝ፤ ነግረሽኝ ነበር።»

አፉ አላልኩም፣ ይቅር ማለት አቃተኝ፤ ተናድጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አንሶላ የሳብነው ሳንነጋገር ነው። እወዳቸው ነበር፣ እናደድባቸውም ነበር። አንድ ቀን እንግዳ ገባ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ወፍራም ሰውዬ። እትዬ ሐዋ እግሩን አስታጥበው፣ አብልተው ሲያበቁ፣ ፊቱ ዝቅ ብለው ተቀመጡና «እዚህ ማን አለዎት?» አሉት። ሰውዬው ማንም የለኝም አለ። እሳቸው አልተነሱም። ቆይቶ ቆይቶ በመሬት ምክንያት የተጣላው ወንድም እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እንዳለው ተናገረ። በማግስቱ ወንድሙ ቤታችን ምሳ በላ። እኔም ያን ቀን በልቤ አፉ አልኳቸው። መሄጃ ቀን ግን እስከ መጨረሻው አልጠየቁም።

አስቴር በየዓመቱ መስከረም ትመጣ ጀመር። ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ እንደማንኛውም የበዓል እንግዳ ሻንጣ ይዛ፣ የአባቷን ክፍል ትይዛለች። የግሸን ተመላሾች አቧራ ለብሰው በሥር ሲያልፉ ሰገነቱ ላይ ሆና ፊት ፊታቸውን ታያለች። እትዬ ሐዋ አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸው ደክሞ ማየት እንኳ ሳይችሉ «ያ ረጅሙ ማነው?» ይሏታል። ሰይድም ማታ ማታ እየመጣ ያያታል። አንድ ጊዜ «ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ለአባቴ አንድ ክፍል ሠራን» አለችኝ፤ አልጋ ገባበት፣ መስኮቱ ለጠዋት ፀሐይ ነው አለች።

እትዬ ሐዋ በአንድ ክረምት ታመው፣ ልጆቻቸው እስኪመጡ ጠብቀው አረፉ። የሰፈሩ ሴቶች ሲያጥቧቸው እኔ ክርስቲያን ነኝና በር ላይ ቆሜ ውሃ አቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ለጥቂት ዓመታት ብቻዬን ያዝኩት። አንሶላውን የበር እጀታ ላይ አስሬ በአንድ በኩል ብቻ እስብ ነበር፤ እንደዚያ የተሳበ አንሶላ ቀጥ አይልም። በመጨረሻ ልጆቹ ሸጡት። አልፈርድባቸውም፤ ጅዳ ሆኖ የደሴን ጣሪያ መጠገን አይቻልም። የገዛው ሰው የሱቅ ፎቅ ሊሠራበት አፈረሰው። የሰገነቱ እንጨት በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለእናቴም አላለቀስኩ።

ሆጤ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መስከረም ሲመጣ ግን እግሬ ቤት አልቀመጥ አለ። ከግሸን የሚመለሱበት ሳምንት በዱላ እየተደገፍኩ ሄጄ የፈረሰው ቤት ቦታ የታጠረበት ቆርቆሮ ጥግ እቆማለሁ። ጋሽ ደምሴ ቢመጡ የሚያውቁት ቤት የለም፤ የሚያውቁት ፊት የቀረው የኔ ብቻ ነው። የግንባታው ዘበኛ መጀመሪያ ሊያባርረኝ ነበር፣ በኋላ ድንጋይ አምጥቶ መቀመጫ አደረገልኝ። ምን እንደምጠብቅ አልነገርኩትም።

ባለፈው መስከረም አስቴር እዚያው አገኘችኝ። ራሷ ላይ ሽበት ገብቷል። ለረጅም ጊዜ አጠገቤ ቆማ አላፊ አግዳሚውን አየች።

«እትዬ ዘነበች፣ ይበቃል» አለች። «ቢኖር እንኳ ስንት ዓመቱ ነው? ይህን መንገድ አይመጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

በዱላዬ መንገዱን አሳየኋት። «ለአባቴ የሠራነው ክፍል ባዶ ነው። በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ፣ በየወሩ አንሶላ እቀይራለሁ፣ የተኛበት ሰው ግን የለም» አለች። «አንቺ ነይ። ሰይድም ይህንኑ ነው የሚለው።»

እምቢ አልኩ። አጥሩ ጥግ እስከዚያ ሳምንት ማብቂያ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጉልበቴ ከድንጋዩ አላነሳም ብሎ ዘበኛው ደግፎ ሲያነሳኝ፣ በቃ ዘነበች አልኩ ለራሴ። ከአስቴር ጋር ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ሚኒባሱ ውስጥ አስቴር እቃዬን ታቅፋ ነበር፤ አንድ ፌስታልና አንድ ካውያ።

ክፍሉ እንዳለችው ነው። አልጋው ለረጅም ሰው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እኔ ስተኛበት እግሬ መካከሉ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ቀን አስቴር አንሶላ ስታነጥፍልኝ ወገቤን ይዤ ቆሜ አየኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያነጠፈልኝ አልጋ ላይ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

«አንድ ነገር ግን እወቂ» አልኳት። «አባትሽ የመጡ ቀን እኔ ሳሎን ነኝ። በዚያው ሰዓት ነው የምለቅ።»

ሳቀች። ከዚያ የያዘችው አንሶላ ግማሹ ሳይዘረጋ ቀረና አልጋው ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከሳሎን የሰይድ ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር። ቀና ስትል የአንሶላውን ሌላ ጫፍ እኔ ያዝኩላት።